በጣርማበር ዋሻ ውስጥ መብራቴን ያጠፋው ስፒከር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። 27 ዓመት የስልክ መስመር ስጠግን ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጋዜጣችሁን ከፊት ገጽ እስከ ኮከብ ቆጠራ አምዱ አነባለሁ። የመኪና ገጹንም አልዘልም።

በዚያ ገጽ ሰሞኑን የምታወሩን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ደግ ነው፣ ይምጣልን። ግን እኔ ቤት በር ላይ ቁጭ ብላችሁ የሚያልፈውን ብትቆጥሩ ኮሮላ ነው፣ አይሱዙ ነው፣ ባጃጅ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን አሮጌ መኪና እንደ ዓይናችን ብሌን ነው የምንጠብቃት። የእኔዋ እ.ኤ.አ. የ1993 ኮሮላ ናት። ሞተሯ አንድም ቀን አላስቀየመኝም። ሊያስገጨኝ የነበረው ስፒከር ነው።

ሳቁ እንጂ። ባለቤቴም ስቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበሮቹ ስፒከሮች ከሞቱ ቆይተዋል። ዜና አንባቢው ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። መዝሙር ሲከፈት በሩ ይንኮሻኮሻል። ቴፑም ካሴት መብላት ጀምሮ ነበር። ልጄ ይህን አይቶ ብሉቱዝ ያለው አዲስ ራዲዮና ሁለት የበር ስፒከር ገዝቶ ላከልኝ። ሣጥኑ ላይ «500 ዋት» ይላል። (500 ዋቱን እርሱት። እንዲህ ያለ ራዲዮ ያለ ተጨማሪ አምፕሊፋየር ለአንድ ስፒከር ያለማቋረጥ የሚሰጠው ቢበዛ 20 ዋት አካባቢ ነው። ለእኔ ጆሮ እሱም ይበዛል።)

ራዲዮውን ይዤ ከተማ ውስጥ ወደ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። የሠራልኝ ልጅ ጨዋ ነው፣ እጁም ፈጣን ነው። እጁ ግን ትንሽ በጣም ፈጠነ። አሮጌውን ቴፕ ጎትቶ አወጣና ከጀርባው የነበሩትን ሁለት የፋብሪካ ሶኬቶች በፒንሳ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ምነው ልጄ፣ ለምን ቆረጥከው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ከአዲሱ ጋር አይገጥምም። አያስቡ፣ ቀለሙ እኮ ይናገራል። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ነው።»

እኔም ዝም አልኩ። የጥፋቱ ግማሽ እዚህ ላይ የእኔ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በባለቀለም ሽቦ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። ቀለም የሚናገረው ኬብሉን የሠራውና የሚጠግነው ሰው አስቀድመው ሲስማሙ ብቻ ነው። በእኛ የስልክ ኬብል ነጭና ሰማያዊ የመጀመሪያው ጥንድ ነው፣ ነጭና ብርቱካናማ ሁለተኛው። ይህን የምናውቀው ስለተማርነው ነው። ሽቦውማ አፍ የለውም። የመኪናውን ሽቦ የሠራው አንድ ፋብሪካ፣ ራዲዮውን የሠራው ሌላ። መቼ ተገናኝተው ተስማሙ?

ልጁ ቀይን ከቀይ፣ ጥቁርን ከጥቁር አገናኘ። ራዲዮው አልበራም። ከዚያ ሽቦ የታሰረባት የአምፖል መፈተሻ አመጣና አንድ በአንድ ነካካ። ሁለት ሽቦ ላይ አምፖሏ በራች። «ኤሌክትሪክ የሚመጣው በእነዚህ ነው፣ የቀሩት የድምፅ ናቸው» አለ። ልብ በሉ፣ ሰዓቱ ከቀኑ 7 ነው። የመኪናው መብራት አልበራም። መብራት ሲበራ ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ሽቦ በዚያ ሰዓት ቢነካም አምፖሏን አያበራም። እኔም ያኔ አልመጣልኝም።

የቀሩትን እየነካካ የፊቶቹን በሮች አናገራቸው። ከኋላ ያሉትን ደግሞ በቀለማቸው አሰራቸው፤ አረንጓዴ ከአረንጓዴ። የኋላው ግራ አልጮኸም። «እሱ ሞቷል ጋሼ» አለኝ። ገንዘቤን ከፈልኩ፣ መርቄው ሄድኩ።

ልጄ ያገባችው ሸዋ ሮቢት ነው። በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሷን ልጠይቅ ወረድኩ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር። ካፖርት ለብሶ ተነስቶ በሸሚዝ የሚደረስበት አገር ነው። ጫፉ ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው ዋሻ አለ። የዚያን ቀን ጉሙ ከመኪናዬ አፍንጫ ወዲያ አያሳይም ነበር። ዋሻው አፍ ላይ ስደርስ መብራት አበራሁ።

ጧ!

ራዲዮው ጸጥ አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ዳሽቦርዱ ጨለመ። የፊት መብራቴ ግን በርቷል፣ ስለዚህ ነገሩን ንቄ ቀጠልኩ። ወዲያው ከኋላዬ አንድ አይሱዙ ጡሩምባውን አስጮኸው። መብራቱንም ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ምን አጠፋሁ ብዬ ዋሻውን እንደወጣሁ ጥግ ያዝኩ። ሹፌሩ አጠገቤ ሲደርስ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ «አባት፣ የኋላ መብራትዎ እኮ የለም! ልወጣብዎት ነበር!» አለኝ።

ልቤ ቀጥ አለች። ዋሻ ውስጥ፣ ጉም ውስጥ፣ ከኋላ አንዲት ብርሃን ሳይኖረኝ ነበር የምሄደው። ከዚያ እስከ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት የአደጋ ጊዜ ምልክት መብራቴን እያበራሁ እንደ ኤሊ ወረድኩ። እሱ በሌላ ፊውዝ ስለሚሠራ ተርፎ ነበር።

ደብረ ሲና ስቆም ቆሎ የሚሸጡት ልጆች ከበቡኝ። እኔ የምፈልገው ፊውዝ ነው። አንዱ ጎረምሳ ሮጦ አመጣልኝ። ብቀይረው መብራት ሳበራ እሱም ተቃጠለ። አንድ ሌላ ሰው፣ «የሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሉበትና ይሂዱ» አለኝ። ለደግ ብሎ ነው። ነገር ግን ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ብር ወረቀቱ አይቃጠልም፣ ስለዚህ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፣ ከዚያ እኔ። እምቢ ብዬ ራዲዮውን ጎትቼ አወጣሁት። ሽቦዎቹን በሙሉ ለያየሁና ጫፋቸውን ጠቀለልኩ። ሦስተኛውን ፊውዝ ሰካሁ። መብራቱ በራ። ያኔ ነው ጥፋቱ ከየት እንደሆነ የገባኝ። ሁለት ኪሎ ቆሎ ገዝቼ መንገዴን ቀጠልኩ፤ ጎረምሳው ፊውዙን ሲያፈላልግ ገበያው አምልጦት ነበርና።

አሁን ለምን ይህን ለጋዜጣ እንደምጽፍ ልንገራችሁ። እንደ እኔዋ ባሉ አሮጌ ቶዮታዎች ከቴፑ ጀርባ የሚመጣው አረንጓዴ ሽቦ በአብዛኛው የስፒከር አይደለም። መብራት ሲበራ የቴፑን ቁልፎች የሚያበራው ነው። ከዳሽቦርዱና ከኋላ መብራት ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው። ከገበያ በምንገዛው ራዲዮ ላይ ደግሞ አረንጓዴ የኋላ ግራ ስፒከር ነው። ሁለቱን አገናኙና መብራት አብሩ፤ 12 ቮልቱ በቀጥታ በራዲዮው የድምፅ መውጫ ይገባል። ይህን የሚችል ራዲዮ አለ። የእኔ አልቻለም። ውስጡ ተቃጥሎ መስመሩን ከቦዲው ጋር አገናኘው፣ የኋላ መብራቱን ፊውዝም ይዞት ሄደ። «ሞቷል» የተባለው የኋላ ግራ ስፒከር እስከ ዛሬ ደህና ነው። ማን አናገረውና ይመልስ!

ሌላውም ቀለም እንዲሁ ነው። ከገበያው ራዲዮ የሚወጣው ቀይ የመኪናው ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ነው፤ በቶዮታዋ ግን ቀይ የኋላ ቀኝ ስፒከር ፖዘቲቭ ነው። ጥቁር በራዲዮው ኔጌቲቭ ነው፣ ከቦዲ ጋር የሚታሰረው። በቶዮታዋ ጥቁር የኋላ ግራ ስፒከር ፖዘቲቭ ነው፣ ከቦዲ የሚታሰረው ኔጌቲቭ ቡናማው ነው። ቢጫ በራዲዮው ሁልጊዜ ከባትሪ የሚመጣ ነው። በቶዮታዋ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ መስመር ያለበት ነው፤ ሙሉ ቢጫው ግን የኋላ ግራ ስፒከር ኔጌቲቭ ነው። ግራጫ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በቶዮታዋ ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ የሚመጣበት፣ በራዲዮው የፊት ቀኝ ስፒከር። ልጁ ግራጫው ላይ አምፖሏ ስለበራችለት ነው ራዲዮው እዚያው ጋራዥ ያልተቃጠለው።

የፊቶቹን በሮች ለሚፈልግ፦ በቶዮታዋ የፊት ግራ ሮዝና ሐምራዊ ነው፣ ሮዙ ፖዘቲቭ። የፊት ቀኝ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው፣ አረንጓዴው ፖዘቲቭ። ከኋላ ቀዩ ነጭ ይከተለዋል፣ ጥቁሩ ቢጫ። በራዲዮው በኩል ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ ነው። እነዚሁ ቀለሞች ጥቁር መስመር ሲኖራቸው የዚያው ስፒከር ኔጌቲቭ ናቸው። ይህን ቆርጣችሁ ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ አስቀምጡት። ቢሆንም ከእኔ ደብዳቤም በላይ ቴስተሩን እመኑ። ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው የነካካው መኪና ስንት አለ! ሽቦዎቹን ስትፈትሹ ሦስት ጊዜ ፈትሹ፤ ቁልፉ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ከዚያ መብራቱ በርቶ። ያቺን ሦስተኛዋን ያልፈተሸ ሰው ነው ዋሻ ውስጥ የከተተኝ።

ሶኬቱን ደግሞ መቁረጥ አያስፈልግም ነበር። በአንድ በኩል ለቶዮታው ሶኬት የሚገጥም፣ በሌላ በኩል ለራዲዮው የሚታሰር የማገናኛ ሽቦ ይሸጣል። ሥራው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል፣ መኪናው ላይ መሰካት ብቻ ነው። ራዲዮ የምትሸጡ ነጋዴዎች፣ እባካችሁ ማገናኛውን አብራችሁ ሽጡ። ሣጥኑ ውስጥም በአማርኛ የተጻፈ አንዲት ወረቀት ብትጨምሩ ምን ይጎዳችኋል?

ሁለተኛውን ራዲዮ ራሴ ልገጥም ወሰንኩ። ጥቅምት ሲገባ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቆምኳትና በሮቹን ፈታሁ። በመጀመሪያው ቀን ማልጄ ጀመርኩ። ስህተት ነበር። የደብረ ብርሃን የጥቅምት ጠዋት ውርጭ ነው፤ የበሩን ሽፋን የሚይዙት የፕላስቲክ ቁልፎች በብርድ እንደ ብስኩት ናቸው። ሦስቱ ቀጭ ቀጭ ብለው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ እስክትሞቅ ቡና እየጠጣሁ እጠብቃለሁ።

መስታወቱን የምናዞርበት እጀታ ብሎን የለውም። ከጀርባው በቀጭን የሽቦ ክሊፕ ነው የተያዘው። ብዙ ሰው በካቻቢቴ ይፈነቅለውና ሽፋኑን ይቀዳል። አሮጌ ጨርቅ በእጀታውና በሽፋኑ መሃል አስገብታችሁ ጫማ እንደሚጠርግ ሊስትሮ ወዲህ ወዲያ ሳቡት። ጨርቁ ክሊፑን ይይዝና ያወጣዋል። የቀኙ በእጄ ገባ። የግራው ግን ጭው ብሎ በረረ።

ሽፋኑ ሲነሳ ከስሩ ብረቱ ላይ የተለጠፈ ላስቲክ መኖር ነበረበት። የእኔዋ በሮች ላይ ቅዳጁ ብቻ ነው ያለው። ከዓመታት በፊት በሩን የከፈተ ሰው ቀዶ ጥሎታል። ሰው ይህን ላስቲክ እንደ ትርፍ ዕቃ ያየዋል። በር ግን ውኃ እንዳይገባበት ሆኖ የተሠራ አይደለም። ዝናብ በመስታወቱ ጠርዝ ይገባል፣ በውስጥ ይወርዳል፣ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ላስቲኩ ውኃው ወደ እኛ እንዳይመጣ የሚከለክል ግድግዳ ነው። በየክረምቱ እግሬ ስር የሚርሰው ምንጣፍ፣ ታች የተነፋው ሽፋን፣ ሁሉም ከዚህ ነው የመጣው። እኔ ደግሞ ጣሪያ ያፈሳል እያልኩ ነበር። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ወፍራም ላስቲክ ገዝቼ በልኩ ቆርጬ ለጠፍኩ። ታች ያሉትንም ቀዳዳዎች በሽቦ ጎረጎርኳቸው። የጠጠረ ጭቃ ነበር የወጣው።

አሮጌዎቹን ስፒከሮች ስፈታ ጠርዛቸውን የሚይዘው ስፖንጅ በጣት ሲነካ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። የዜና አንባቢው ጉንፋን ይኼው ነው። አዲሶቹ ደግሞ ማግኔታቸው ትልቅ ነው። ሳላስርባቸው በቦታቸው ያዝኩና የልጅ ልጄን መስታወቱን እንዲያወርደው አዘዝኩት። ሊያልቅ ሁለት ጣት ሲቀረው ማግኔቱን መታው። ስፒከሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀለበት ያስፈልጋል ማለት ነው። እንጨት ውኃ ሲነካው ያብጣል። ፕላስቲክ ይሻላል። ቤት ውስጥ ደግሞ ወፍራም ፕላስቲክ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ማዕድ ቤት።

ባለቤቴ ነጩን መክተፊያዋን ሁለት ቀለበት ሆኖ ስታገኘው ለጊዜው ምንም አላለችም። ማታ ነው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሽንኩርቱን ዳሽቦርድህ ላይ ልክተፍልህ?» ያለችኝ።

ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ለማረጋገጥ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የእጅ ባትሪ ድንጋይ ይበቃል፣ ባለ 1.5 ቮልቷ። የስፒከሩን ሁለት ሽቦ ከራዲዮው ለይታችሁ፣ ጫፋቸውን ለቅጽበት ባትሪ ድንጋዩ ላይ ንኩ። የባትሪው ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ ጋር ከሆነ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ይወጣል። ከተገለበጠ ወደ ውስጥ ይገባል። እኔ ከዳሽቦርዱ ስር ተጋድሜ እነካለሁ፣ የልጅ ልጄ በሩ ጋ ቁጢጥ ብሎ ያያል። መጀመሪያ የጋራዡ ልጅ አስሯቸው እንደነበረው ያዝኳቸው።

«ወጣ!» አለኝ በግራው በር።

ወደ ቀኙ ዞረ። ነካሁ።

«አባባ፣ ይሄኛው ገባ!»

አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲስብ ከርመዋል። እንዲህ ሲሆን ጎርናናው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሰው «ስፒከሩ ቀሽም ነው» ብሎ ሌላ ይገዛል። የድምፁን ሚዛን ወደ አንድ በር ብቻ አዙራችሁ ጎርናናው ከጨመረ አንዱ ተገልብጧል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከስፒከር ሁለት ሽቦ አንዱንም ቢሆን ከመኪናው ቦዲ ጋር አትሰሩ። «ኔጌቲቭ ሁሉ ቦዲ ነው» የሚሉ አሉ። በዛሬው ራዲዮ በሁለቱም የስፒከር ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ አለ። ቦዲ ከነኩ ራዲዮው በጤናው አይቆይም። መገናኛውንም ጠምዝዛችሁ በናስትሮ ብቻ አትለፉት። እዚህ ብርዱ ናስትሮውን ያደርቀዋል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሙጫው ቀልጦ ይንሸራተታል። በሽቦ መበየጃ ካውያ በይዱት።

ያ ልጅ ሰሞኑን ቤቴ መጥቶ ነበር። ዋሻው ውስጥ የሆነውን ሰምቶ። ደንግጧል። ገንዘቡን ልመልስ ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ ይልቅ ቀለሞቹን በደብተሩ እንዲገለብጥ አደረግኩት። ሮዙን «ቀይ» ብሎ ጽፎ አስሰረዝኩት።

አሁን የቀረኝ ያ የበረረው ክሊፕ ነው። ግቢውን በማግኔት ሳይቀር አሰስኩ፣ የለም። ባለቤቴ ዶሮዋን ነው የምትጠረጥረው። የግራውን መስታወት የማወርደው በፒንሳ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህን ክሊፕ ለብቻው የሚሸጥ ሱቅ የሚያውቅ አንባቢ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ቢጠቁመኝ ውለታው አይጠፋኝም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛው የስልክ መስመር ጠጋኝ
ደብረ ብርሃን